የግራ እጅ ሰላምታ

እስከ ዘጠኝ ዓመቴ ድረስ በምድር ላይ ከአባቴ የባሰ የማይረባ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። የሌሎች ልጆች አባቶች ጀልባ ነበራቸው። መረብ ይጥላሉ፣ ድብ ያባርራሉ፣ ሲሰክሩ እንኳ ለሳምንት የሚወራ ስካር ይሰክራሉ። የኔ አባት ኢግናቲ ግን በጋውን ሙሉ ወንዝ ዳር በቆመ የእንጨት ማማ ላይ ተቀምጦ ዓሣ ይቆጥር ነበር። አያጠምድም፣ ይቆጥራል። የመንደራችን ድመቶች እንኳ ዓሣ እያዩ እንዲያ አይጨክኑም።

ሥራው እንዲህ ነው። ሳልሞን ሰኔ ሲያልቅ ከባሕር ይመጣና መጀመሪያ በመንደራችን በተሊክ በኩል፣ ቀጥሎ በአባቴ ማማ ሥር አልፎ፣ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ሐይቁ ይወጣል። በቂ ዓሣ ወደ ላይ ሳያልፍ መረብ ውሃ መንካት ክልክል ነው። ‹በቂ› የሚባለውን ቁጥር የሚወስነው የዓሣ ቢሮ ነው፤ አለፈ ወይም አላለፈ የሚለው ደግሞ አባቴ። ሰዓት በሞላ ቁጥር ዐሥር ደቂቃ ይቆጥራል፣ ሃምሳውን ደቂቃ ሻይ ይጠጣል። የዐሥሩ ደቂቃ በስድስት ይባዛና የሰዓቱ ይሆናል።

በሁለቱም እጁ በአውራ ጣት የምትጫን አንድ አንድ የብረት መቁጠሪያ ይይዝ ነበር። የቀኟ ቀጭ ቀጭ ስትል ትውላለች። የግራዋን ሲጫን የማየው ከስንት አንዴ ነው። ቀኙ ሲደክመው የሚለውጣት መለዋወጫ ትመስለኝ ነበር። በዚያ ዐሥር ደቂቃ ውስጥ ቤታችን ቢቃጠል ዞር አይልም። እናቴ ምሳውን ስትልከኝ ማማው ሥር ቆሜ እጄን እያውለበለብኩ ‹አባባ› እላለሁ፤ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ውሃው ላይ ያፈጣል። እኔን፣ ሴት ልጁን፣ ከቁብ አይቆጥረኝም። ዓሣ ሆኜ ብፈጠር ይሻለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ዓሣው ዘገየ። ያለፈውም ዓመት ደህና ስላልነበር የበረዶውን ክረምት የገፋነው ዱቄት እየቀቀልን ነው። ሐምሌ ገብቶ የየቤቱ የዓሣ ማድረቂያ ቆጥ ባዶውን ቆሟል። ጎረቤታችን እማማ ኡሊያና፣ እናት አባት የሌላቸው ሁለት የልጅ ልጆች የምታሳድግ ባልቴት፣ በየጠዋቱ ባዶ ቆጧን በመጥረጊያ ትጠርግ ነበር። ምኑን እንደምትጠርግ አይገባኝም ነበርና ከጀርባዋ እየቆምኩ እስቅባታለሁ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የመንደሩ ወንዶች ቤታችን ታጨቁ። እኔ ከምድጃው ጀርባ ሆኜ እሰማለሁ። ስለ ነዳጅ፣ ስለ አየሩ፣ ስለ ቄሱ ጉንፋን ብዙ አወሩና መጨረሻ ላይ አንደኛው፣ "ጣት ብቻ እኮ ናት፣ ኢግናቲ። ትንሽ ፈጠን ብትል ማን ይሞታል?" አለው። አባቴ ጽዋውን እያየ፣ ዓሣው ሲመጣ ይቆጠራል አለ። ከዚያ ወዲያ ማንም ሻዩን አልጨረሰም።

እኔ የተረዳሁት ነገር ቢኖር የአባቴ ጣት ቀርፋፋ መሆኗን ነው። ዓሣውማ እያለፈ ነው፤ ይህ ሰውዬ ነው የማይደርስበት። አፍሬ መሞቴ ነበር። በማግሥቱ ከእናቴ ማሰሮ የድብ ስብ ሰርቄ፣ አውራ ጣትህን እሸው፣ ይፈታልሃል አልኩት። አየኝ። ምንም ሳይጠይቅ ተቀበለኝና እስክጠግብ ድረስ እያየሁት ጣቱን አሸ። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ፊቴ ይግላል።

አጎቴ ጋስቲ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ለዕረፍት ከአንኮሬጅ የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ከትንሿ አውሮፕላን መጀመሪያ የወረደው ድምፁ ነበር፤ ከዚያ ሆዱ፣ ከዚያ የዐሥራ አንድ ዓመት ሴት ልጁ ፌክላ። አፉ ጤፍ ይቆላል። ከተማ ውስጥ ያላየው፣ ያልገዛው ነገር፣ ያልመታው ሰው የለም። ክንዱ ላይ የወርቅ ቅብ ሰዓት አስሯል፤ ሰዓቱን ሰው እስኪያይለት ድረስ እጁን ከጠረጴዛ ላይ አያነሳም። እኔ ደግሞ ወንድ ማለት እንዲህ ነው ብዬ ከኋላ ከኋላው እል ነበር። ሞኝነቴ እስከዚህ ድረስ ነው።

የጴጥሮስ ወጳውሎስ ዋዜማ ዕለት ጠዋት፣ እኔንና ፌክላን ይዞ በእግር ወደ ላይኛው ሰፊ ኩሬ እንደሚወጣና ከዚያ በጎማ ጀልባ እየተንሳፈፍን እንደምንመለስ አወጀ። ልጆች ናቸው፣ ይዝናኑ እንጂ፣ መረብ እንደሆነ ተዘግቷል፣ አለ። እናቴ ሳህን እያጠበች ነበር። እኛ ዘንድ ዓሣ ሲወጣ ወንዝ ውስጥ አይገባም፤ ዳር ላይ እንኳ አይጮኽም። ሳልሞን ቤትህ የመጣ እንግዳ ነው፤ እንግዳ በር ላይ ሲደርስ ማን ይጮኽበታል?

"በዓሣው ላይ ልትሄድበት ነው?" አለችው።

"በዓሣው ላይ ሳይሆን ለዓሣው ነው፣ እህቴ" አላት።

ተያዩ። ከዚያ እናቴ ደረቅ ብስኩት በጨርቅ ቋጠረችልን። እኔን አንድ ጊዜ ለጮኽኩት በጥፊ የምትል ሴት፣ ለወንድሟ ብስኩት መቋጠሯ ገርሞኝ ነበር። ዛሬ አይገርመኝም። እሷም ታውቅ ነበር።

መንገዱ ሦስት ሰዓት ፈጀ። ወንዙን ይዘን ብንወጣ አጭር ነበር፤ አጎቴ ግን ከማማው ራቅ ብለን በኮረብታው ጀርባ እንዙር አለ። ለምን ስለው፣ ከላይ የሚታየው ነገር ያምራል አለኝ። የሚታየው ትንኝ ነበር። ትንኙ አፍ ውስጥ ይገባል፣ ረግረጉ እስከ ጉልበት ይውጣል፣ አጎቴ የተጣጠፈውን ጀልባ ተሸክሞ እንደ ደከመ በሬ ያለከልካል። ድቦች እንዲሸሹ ብሎ ቆርቆሮ የሚያንኳኳው ፌክላን ፊት ፊት እየነዳ ነው። ከኮረብታው ጫፍ የአባቴ ማማ ታየችን፤ የክብሪት እንጨት ታክላለች። አባቴ በእረፍቱ ሻዩን ይዞ ቆሟል። አጎቴ ፈጥኖ ጎንበስ አለና ሰዓቱን አየ። ፌክላና እኔ ሲሸና መስሎን ፊታችንን አዞርን።

ሰፊው ኩሬ ጋ ስንደርስ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ከማማው ያለፈው ዓሣ ሁሉ ለሐይቁ ጉልበት ሊሰበስብ እዚያ ያርፋል። ውሃው አይታይም፤ ጀርባ ብቻ ነው፣ ጥቁር አረንጓዴ ጀርባ፣ በጀርባ ላይ። ሽታው ቀዝቃዛና የባሕር ነው። እነዚህን ሁሉ አባቴ ነው የቆጠራቸው? የሚል ሐሳብ ብልጭ ብሎብኝ ነበር፤ ወዲያው ተውኩት። ቀርፋፋው ጣት ይህን ሁሉ ሊደርስበት አይችልም።

አጎቴ ጀልባውን በእግር መንፊያ ነፋ፤ ለኔና ለፌክላ ደግሞ ሁለት የከባድ መኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ሞልቶ በገመድ ከጀልባው ኋላ አሰረልን። ሰዓቱን አየ። "እንግዲህ በስምንት ተኩል ማማው ጋ እንድረስ፤ አንዘግይ፣ አንፍጠን" አለ። ውሃው ላይ እንደወጣን ደግሞ፣ "ጩኹ! ውሃውን ምቱት! ዕረፍት አይደል እንዴ?" አለን።

በሕይወቴ ወንዝ ላይ ጮኼ አላውቅም። ስጮኽ ከውስጤ የወጣውን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ታፍኖ የቆየ ነበር። ፌክላ በመቅዘፊያ ውሃውን ትወግራለች፣ አጎቴ በሆዱ ልክ ይጮኻል። ዓሣው ባንዴ ዞረ። ያ ሁሉ ጀርባ ፊቱን አዙሮ ወደመጣበት ወደ ታች መውረድ ጀመረ። ከፊታችን ውሃው ይንጣጣል፤ ከላስቲኬ ሥር ቂጤን እየገፉኝ ያልፋሉ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አጎቴ ለኔ ብሎ ያደረገው መሰለኝ።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ በፌክላ ሠርግ ላይ አጎቴ ጠጥቶ ብልሃቱን ለድንኳን ሙሉ ሰው አወራው። አንዴ የተቆጠረ ዓሣ በሃምሳው ደቂቃ፣ ቆጣሪው ሻይ ሲጠጣ ወደ ታች ቢነዳ ማንም አያየውም፤ ተመልሶ ሲወጣ ግን እንደ አዲስ ይቆጠራል። ልጆች ካሉበት ደግሞ ማን ይጠረጥራል? ሽርሽር ነዋ! ሕዝቡ አጨበጨበለት። እኔ ሽርሽር ነው ብዬ ለሃያ ዓመት ያመሰገንኩት ሰውዬ የወሰደኝ ለመጋረጃነት ነው።

ብቻ ያን ቀን ብልሃቱ እንደ ባለቤቱ አፈ ትልቅ ሆነና ከመንገድ ቀረ። ወንዙ በሚጠብበት ቦታ ጎርፍ ያከማቸው የጥድ ግንድ ነበር። የኔ ላስቲክ ግንዶቹ መሃል ተወሸቀ፤ የግራ እግሬ ከሥር ተያዘ። ውሃው እስከ አንገቴ ሲደርስ አጎቴ በብብቴ ይዞ መነጨቀኝ። እግሬ ወጣ፣ ቡት ጫማዬ ቀረ። እኔ ደግሞ ያለ ቡቴ አልሄድም ብዬ አለቀስኩ። የዓመቱ አንድ ጫማዬ ነው፣ እናቴ ትገድለኛለች። አጎቴ በመቅዘፊያው ግንዱን እየጎረጎረ ሰዓቱን ያያል፣ ሰዓቱን እያየ ይሳደባል። ግማሽ ሰዓት ሄደ። ቡቱ አልተገኘም። በመጨረሻ እየጎተተ ላስቲኬ ላይ ጣለኝና፣ "ባንድ ጫማ አገር አጠፋሽ፣ አንቺ ልጅ" አለኝ። ምን አገር እንዳጠፋሁ አልገባኝም።

ማማዋ ያለችበት ጥምዝ ጋ ስንደርስ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። አባቴ ሁለቱን የመቁጠሪያ ብረቶች ይዞ ተቀምጧል። አጎቴ ባየው ጊዜ መቅዘፊያውን ወደ ኋላ መግፋት ጀመረ፤ ነገር ግን እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ በቀዘፋ አይመለስም። ሲያቅተው ምን አደረገ መሰላችሁ? ጀልባው ውስጥ በጀርባው ተኛ። ያ ሁሉ ጀግና እንዳይታይ ተኝቶ፣ ሆዱ ብቻ ከጀልባው ጠርዝ በላይ ይታያል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ማማው ሥር፣ ዓሣው እንዲታይ ብለው ወንዙ ወለል ላይ ነጭ ቆርቆሮ አንጥፈዋል። በዚያ ነጭ ላይ ዓሣው ጥቅጥቅ ብሎ ይወርዳል። የአባቴ ቀኝ እጅ ጉልበቱ ላይ አርፋለች። ግራው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደዚያ ስትሠራ አየኋት፤ ጣቱ አትታይም፣ ድምፁ እንደ በረዶ ይረግፋል። ቀኙ ደክሞት ነው አልኩ በልቤ። ያ የድብ ስብ እንኳ አልረዳው።

"አባባ!" ብዬ ጮኽኩ። ላስቲኩ ላይ ተነስቼ በጉልበቴ ቆምኩ። "አባባ! እኔ ነኝ!"

ግራ እጁ ቆመች። ቀና አለ። ውሃውን ሳይሆን እኔን አየ። ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ የግራውን ብረት ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተና ባዶ እጁን ወደ ላይ አንስቶ አውለበለበልኝ። አንድ ጊዜ አይደለም። ጥምዙን እስክናልፍ፣ ከዚያም ካለፍን በኋላ ከቁጥቋጦው በላይ እጁ ስትወዛወዝ ትታየኝ ነበር። ዓሣው ከሥሬ ይወርዳል፣ እኔ አውለበልባለሁ፣ እሱ ያውለበልባል። የዘጠኝ ዓመት ልብ ይፈነዳል ቢባል ያኔ ነበር።

ፌክላ ግን የአባቷ ልጅ ናት። ዳር ስንወጣ፣ "አባትሽ በግራው ነው እንዴ ሰላም የሚልሽ?" አለችኝ። እውነትም በግራው ነው። ቀኙ ሥራ ፈትታ ጉልበቱ ላይ ተኝታ ሳለች ለኔ የደረሰኝ መለዋወጫው እጅ ነው። ደስታዬ እራት ሳይደርስ ሟሸሸ፤ ደህና አድርጌ ናቅሁት። ለእናቴ ቡቴን ረግረግ ዋጠው አልኳት፤ ለማንም ሌላ አልተናገርኩም።

በማግሥቱ፣ የበዓሉ ቅዳሴ እንዳበቃ፣ ቁጥሩ መሙላቱንና መረብ መፈቀዱን በሬዲዮ ሰማን። ቄሱ አፍንጫቸውን እየጠረጉ፣ ይህ የዓሣ አጥማጁ የጴጥሮስ ተአምር ነው አሉ። ወንዶቹ አቀርቅረው አሜን አሉ፤ እንዲያ ዓይነት ተመካክሮ የተሠራ ተአምር ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። በሦስት ቀን ውስጥ የመንደሩ ቆጥ ሁሉ በተሰጣ ቀይ የዓሣ ሥጋ ቀላ። እማማ ኡሊያና አባቴን መንገድ ላይ አግኝታ እጁን ልትስም ብትይዘው፣ ቀማት። ባለጌ አልኩ በሆዴ።

ያን ክረምት አባቴ ዓሣ አልበላም። ሰው በጾም ሥጋ ትቶ ዓሣ ይበላል፤ የኔ አባት ዓሣ ትቶ በየፍስኩ የቆርቆሮ ሥጋና ደረቅ ብስኩት ይቆረጥማል። ዓሣ ሲቀርብለት ከሳህኑ አንስቶ ወደኔ ያዞራል። ቆጥሮ ቆጥሮ ሰለቸው ብለው ሳቁበት፤ ከሁሉ በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ። በሚቀጥለው በጋ ማማው ላይ ሌላ ሰው ወጣ። በቀርፋፋነቱ ያባረሩት መስሎኝ ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ እንደዚያው ነገርኳቸው። ለካ ራሱ ነው የለቀቀው። ከዚያ ወዲያ የሰው ቤት ጣሪያ ሲጠግን፣ የሰው ሞተር ሲፈታ ኖረ። እናቴ አንድ ቀን እንኳ ለምን አላለችውም።

የኛ ወንዝ ሳልሞን ባሕር ወርዶ አድጎ ወደተወለደበት የሚመለሰው በአምስተኛው ዓመት ነው። በአምስተኛው ዓመት፣ የዚያ በጋ እንቁላል ዓሣ ሆኖ የሚመጣበት ሐምሌ ሲገባ፣ አባቴ ሥራ ትቶ ከማማው ማዶ፣ ዳር ላይ ተቀመጠ። ብረት የለውም፣ ደመወዝ የለውም፤ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይቆጥራል። አበደ አሉ። ዐሥራ አራት ዓመቴ ነበርና በዚያ በኩል ማለፍ አቆምኩ። ዓሣው በዚያ ዓመት ብዙም አልነበረ፣ ጥቂትም አልነበረ። በዐሥረኛው ቀን አባቴ ቤት ገባ፣ እጁን ታጠበ፣ እናቴ ሳትጠይቀው ከማሰሮው የሳልሞን ራስ አውጥቶ ቆሞ በላ። አጥንቱን እንኳ አልተፋም። እኔ ከወንበሬ ተነስቼ ወጣሁ፤ አበላሉ ቀፍፎኝ።

ሃያ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ገንዘብ ቸግሮኝ እኔም አንድ በጋ ማማው ላይ ተቀጠርኩ። የሚያሠለጥነን ልጅ ሁለት ብረት ሰጠኝ። ቀኝ ወደ ላይ ለሚወጣው ነው አለ። ግራ ደግሞ ወደ ታች ለሚመለሰው፤ የግራው ከቀኙ ይቀነሳል። መለዋወጫ የሚባል ነገር የለም። ብረቷን ይዤ ቆሜ ቀረሁ፤ ልጁ ሁለት ጊዜ ገባሽ ወይ አለኝ። ግራ እጁ ለኔ ባውለበለበችባቸው ደቂቃዎች ያ ሁሉ ዓሣ ሳይቀነስ አልፏል፣ በስድስት ተባዝቶ።

አልጠየቅሁትም። ማፌዝ እንጂ መጠየቅ አልለመድኩም። ደግሞም ፈርቼ ነበር። በሕይወቴ አንድ ጊዜ አባቴ ቀና ብሎ አይቶኛል፤ እሱም ለዓሣ የተደረገ ማታለያ ከሆነ ምን ይቀረኛል?

የጠየቅሁት አምና ነው። እናቴ ከሞተች በኋላ እኔ ጋ ነው የሚኖረው፤ ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሁለቱም አውራ ጣቶቹ ተቆልምመዋል። መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። በቀኝህ ማውለብለብ ትችል አልነበረም ወይ አልኩት። የምለውን አላስረዳሁትም፤ አርባ ዓመት ያለፈው ነገር አልመሰለውም፣ ወዲያው ገባው።

"እችል ነበር" አለ። "በየትኛው እጄ እንደማውለበልብ ለማሰብ ጊዜ ነበረኝ።"

"እና አስበህ ነው በግራህ ያውለበለብከው" አልኩት።

"አዎ። የኡሊያናን ቆጥ አስቤ፣ ያንቺን ክረምት አስቤ። ሌብነት ነው፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።"

እንግዲያው ለኔ አልነበረም አልኩት። ድምፄ የሃምሳ ዓመት ሴት ድምፅ አልነበረም።

አባቴ ጽዋውን አስቀመጠ። አጎትሽ ተኝቶ ነበር፣ ፌክላ መቅዘፊያ ይዛለች፣ አንቺን የሚያይ አልነበረም፣ አለ። ከዚያ ግራ እጁን አንስቶ ትንሽ አያት።

"ያን ቀን ከጠራሽኝ በኋላ ከወረደው ሁሉ የቆጠርኩት አንድ ብቻ ነው" አለኝ። "እሷም የግራ እግር ቡቷ የላትም ነበር።"

ሻይ እንድጨምርለት ጽዋውን ገፋ አደረገልኝ። ቀዳሁለት፤ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።